አብዱል ሐቅ፦ ከዱባይ ንግዱ ተነስቶ ካቡልን ያለ ጦርነት ሊያስመልስ የወጣው ሰው

የቀበና ልጅ

እዚህ መድረክ ላይ አፍጋኒስታን ሲነሳ ወሬው ሁሌ ታሊባን፣ አሜሪካና ቢን ላደን ነው። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ልጻፍላችሁ። አብዱል ሐቅ ይባላል። የሚያውቀው ሰው ካለም በ2001 ታሊባን ይዞ የገደለው የጦር አዛዥ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው። ጠመንጃውን አስቀምጦ ዱባይ ነጋዴ የሆነበት፣ ከዚያም ከፓኪስታኗ ፔሻዋር ሮም፣ ከሮም ዋሽንግተን እየተመላለሰ ስለ አገሩ ደጅ የጠናበት ጊዜ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1958 ነው። ቤተሰቡ ከምሥራቅ አፍጋኒስታን፣ ከናንጋርሃር ነው። ፓሽቱን ናቸው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሁማዩን ሲሆን የቤተሰቡ ስም አርሳላ ነው። ቅድመ አያቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ከሜዳ የመጣ ሰው አይደለም። ገና በወጣትነቱ በፕሬዚዳንት ዳውድ መንግሥት ዘመን ታስሯል። ሶቪየቶች በታኅሣሥ 1979 ሲገቡ ካቡልና አካባቢዋን ይዞ የሚዋጋ አዛዥ ሆነ። በ1986 ካቡል አጠገብ ካርጋ የሚባለው ትልቅ የጥይት መጋዘን ሲጋይ ስሙ የተነሳው የእሱ ነው። በ1987 ፈንጂ ረግጦ የእግሩን ክፍል አጣ። ከዚያ በኋላ የኖረው እያነከሰ ነው።

በ1985 ዋይት ሐውስ ገብቶ ሬገንን አገኘ። በ1986 ደግሞ ለንደን ላይ የእንግሊዟን ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸርን። ያኔ ገና 28 ዓመት እንኳ አልሞላውም። እንግሊዝኛው አፍ ያስከፍታል ባይባልም ይግባባል፣ ይቀልዳል፣ ጋዜጠኞች ይወዱታል። ይሄ መወደድ በኋላ ጎድቶታል፤ እመለስበታለሁ።

ከሌሎቹ አዛዦች የሚለየው ዋና ነገር ግን ከፓኪስታን የስለላ ድርጅት ከአይኤስአይ ጋር አለመስማማቱ ነው። የአሜሪካና የሳዑዲ መሣሪያ የሚያልፈው በአይኤስአይ እጅ ነበር። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም እሱ ነው። ብዙውን ለአክራሪው አዛዥ ለሄክማቲያር ይሰጣል። አብዱል ሐቅ ፔሻዋር ተቀምጦ ይሄን በግልጽ ይቃወማል። «የእኛን ጦርነት የምንመራው እኛ ነን» የሚል አቋም ነበረው። ውጤቱ ምን ሆነ? ለሱ የሚደርሰው መሣሪያ ተመናመነ።

በ1992 ለአሜሪካው ልዩ መልእክተኛ ለፒተር ቶምሰን የጻፈው ደብዳቤ አለ። አፍጋኒስታን ወደ ሃምሳና ከዚያ በላይ ትናንሽ መንግሥታት ልትበታተን ትችላለች ይላል። የውጭ አክራሪዎች መጥተው ቤትና መሣሪያ ይገዛሉ፣ አገሪቱ ለዓለም አሸባሪዎች ማሠልጠኛ ትሆናለች፣ በዚያ ላይ የዓለም ትልቁ የኦፒየም እርሻ ትሆናለች ብሎ ያስጠነቅቃል። አስቡት፣ በ1992! ታሊባን የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ቢን ላደንም ያኔ ሱዳን ነው።

በዚያው ዓመት ሙጃሂዲኖች (ሶቪየቶችን የተዋጉት ታጣቂዎች) ካቡል ሲገቡ የደኅንነት ሚኒስትር አደረጉት። አራት ቀን ሠርቶ ለቀቀ። አዛዦቹ ከተማዋን እየተቀራመቱ ነበር፤ የሄክማቲያር ሮኬት ሕዝብ ላይ ይዘንባል። እሱ አገሩን ትቶ ዱባይ ሄደ። ነገደ፤ ተሳካለትም። አርፎ መኖር ይችል ነበር።

በጥር 1999 ፔሻዋር፣ ሐያታባድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያለው ቤቱ ገዳዮች ገቡ። መጀመሪያ ዘበኛውን ገደሉ። ከዚያ ሚስቱንና ልጁን። ሌላው ልጁ ተረፈ። ገዳዮቹ ማን እንደሆኑ አልታወቀም።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ አንድም ዝም ይላል፣ አንድም በቀል ይፈልጋል። አብዱል ሐቅ የመረጠው ሌላ ነው። ፓሽቱኑን፣ ታጂኩን፣ ኡዝቤኩን፣ ሐዛራውን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ ታሊባንን ከውስጥ ማፍረስ። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው የሁሉም ሰው ጆሮ ነበር። ሮም በስደት ያሉት የንጉሡ፣ የአሜሪካኖቹ፣ የጎሳ ሽማግሌዎቹ፣ የታሊባን አዛዦች ሳይቀሩ።

የእኔ እምነት ግልጽ ነው። አብዱል ሐቅን የገደለው የታሊባን ጥይት ቢሆንም፣ ለዚያ ቀን ያበቃው ለማንም ተላላኪ አልሆንም ማለቱ ነው። ገንዘብና መሣሪያ ያላቸው ሁሉ የሚፈልጉት ታዛዥ ሰው ነበር። እስቲ ተወያዩበት።

ጥያቄ አለኝ

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው ወንድሜ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዱባይ ምን ነበር የሚነግደው? የጦር አዛዥ ድንገት ተነስቶ ነጋዴ ይሆናል እንዴ?

ዴይራ

እኔ ዱባይ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ዴይራ አካባቢ የአፍጋን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። የአብዱል ሐቅን መዝገብ ያየሁ አይደለሁም። እሱ የኖረበት የንግድ ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ግን ልንገራችሁ፤ ያን ካላወቃችሁ ሰውየውም አይገባችሁም።

በ1990ዎቹ የአፍጋኖች ንግድ ዋናው መስመር እንዲህ ነበር። ጎማ፣ ቴሌቪዥን፣ የመኪና መለዋወጫ ዱባይ ላይ ይገዛል። በመርከብ ወደ ኢራን፣ ባንዳር አባስ ይሻገራል። ከዚያ በከባድ መኪና አፍጋኒስታን ይገባል። አብዛኛው ግን እዚያ አይቀርም። በድንበር ተሽሎክሎኮ ፓኪስታን ገበያ ይወርዳል፤ ቀረጥ ስላልተከፈለበት ይረክሳል። በዚህ መንገድ ላይ በየኬላው ገመድ የሚዘረጋ ሽፍታ ሲበዛ የከባድ መኪና ባለቤቶቹ ተማረሩ። ታሊባን በ1994 ካንዳሃር ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ ገንዘብ ካዋጡለት መካከል እነዚህ የትራንስፖርት ሰዎች ነበሩ። መንገዱን አንድ ኬላ ብቻ ስላደረገላቸው!

ገንዘቡ ደግሞ በባንክ አይሄድም። ሐዋላ ነው። እኛ ሱቅ ሰውየው ብሩን ያስቀምጣል፣ አሠሪዬ ስልክ ያነሳል፣ ፔሻዋር ወይም ካቡል ላለው ሰው መጠኑንና የምሥጢር ቁጥሩን ይነግረዋል። ያው ነው። ተቀባዩ ቁጥሩን ተናግሮ ይወስዳል። ደረሰኝ የለም። ያለው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። አንዴ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከገበያው ወጣ ማለት ነው። ልጁም አብሮ ይወጣል።

አብዱል ሐቅ «የታሊባን አዛዦች ይከዳሉ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» ሲል ከዚህ ዓለም ሆኖ ነው የሚናገረው። የትኛው አዛዥ ከማን ጋር በጋብቻ እንደተሳሰረ፣ ለማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን የቤተሰቡን ቃል እንደያዘ ያውቃል። አንድ ነገር ልጨምር። ኤምሬትስ ታሊባንን እንደ መንግሥት ካወቁት ሦስት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ፓኪስታንና ሳዑዲ ናቸው። ማለትም ሰውየው ይነግድ የነበረው የጠላቱ ወዳጅ አገር ውስጥ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ አለኝ

ይሄ ማብራሪያ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ተባረክ ዴይራ።

አንድምታ

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ሰውየውን ቅዱስ አታድርጉት። የቀበና ልጅ ለንደን ላይ ታቸርን አገኘ ብሎ አልፎታል። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ምን ጩኸት እንደተነሳ ግን አልነገረንም።

በ1984 ካቡል አየር ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶ 28 ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሚሄዱ ተማሪዎችና የሸኟቸው ሰዎች ናቸው። ቦምቡን ማስቀመጡን ያመነው አብዱል ሐቅ ራሱ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚያ እንዳይልኩ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ተከራክሯል። በየትኛውም ሚዛን አስቀምጡት፣ ሻንጣ ይዞ የቆመ ተማሪ ወታደር አይደለም። ታቸር እንዴት እንዲህ ያለ ሰው ይቀበላሉ ተብሎ የተነሳው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛ፣ በሲአይኤ ሰዎች ዘንድ «ሆሊውድ ሐቅ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ከሜዳው ይልቅ ካሜራው ፊት ይበዛል ለማለት ነው። በቅናት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግን በ2001 ከእሱ ጋር የገቡት 19 ሰዎች ናቸው። በ19 ሰው ታሊባንን አፈርሳለሁ ብሎ የተነሳን ሰው ጀግና ልንለው እንችላለን፤ ጥሩ አመራር ነበረው ማለት ግን ይከብደኛል።

የቀበና ልጅ (ለአንድምታ)

ስለ አየር ማረፊያው ያልከው እውነት ነው። አልሸፋፍንልህም፣ ያ ወንጀል ነው። እዚያ የሞቱት ልጆች የማንም ማስጠንቀቂያ መሆን አልነበረባቸውም። እኔ ቅዱስ አላልኩትም።

ስለ «ሆሊውድ ሐቅ» ግን አልስማማም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች በዚያው ጊዜ ማንን ይደግፉ ነበር? በአይኤስአይ ምርጫ ገንዘባቸው በብዛት ይደርሰው የነበረው ሄክማቲያር ነው። ያ ሰውዬ በኋላ ካቡልን በሮኬት ያፈረሰው ነው። በዚያ ጊዜ «እየደገፋችሁ ያላችሁት ነገ የሚዞርባችሁን ሰው ነው» ብሎ በየመድረኩ የሚናገር አፍጋን ለነሱ ራስ ምታት ነው። በካሜራ ተናገረ ነው ወንጀሉ? ሌላ ምን ነበረው? መሣሪያውን አይኤስአይ ዘግቶበታል። የቀረው አንደበቱ ነው።

ወደ 19ኙ ሰዎች ስንመጣ፣ ጦርነት ሊገጥም ቢሆን ኖሮ ትክክል ነህ። እሱ ግን የገባው ከሽማግሌዎችና ከሚያውቃቸው አዛዦች ጋር ሊነጋገር ነው። ብዙ ታጣቂ ይዞ ቢገባ ያ ንግግር አይኖርም።

የሮማዋ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ሮም ከተቀመጥኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የአፍጋኒስታኑ ንጉሥ ዛሂር ሻህ እዚሁ ነበር የሚኖሩት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል። በ1973 ዓይናቸውን ሊታከሙ ጣሊያን መጥተው ሳለ የአጎታቸው ልጅ ዳውድ ገለበጣቸው። በዚያው ቀሩ። እኛም የእኛ ንጉሥ በዓመቱ ወረዱ። ስለዚህ የዛሂር ሻህ ስም ሲነሳ እኛ የሮም ሐበሾች ጆሯችን ይቆማል።

በ1991 አንድ ሰው ፖርቱጋላዊ ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ ለቃለ መጠይቅ ቤታቸው ገባ። ሲጨርስ ጩቤ መዝዞ ወጋቸው። ንጉሡ የተረፉት በደረት ኪሳቸው በያዙት የቆርቆሮ ሲጋራ መያዣ ነው። ጩቤው እሱን መታ። የ77 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ እኮ!

አብዱል ሐቅ ያስብ የነበረው እኚህን ሰው መልሶ ለማንገሥ አልነበረም። እንደ ጥላ ሊጠቀምባቸው ነው። አፍጋኖች ሎያ ጂርጋ የሚሉት ትልቅ ጉባኤ አላቸው። የየጎሳው ሽማግሌ ተሰብስቦ ትልቅ ጉዳይ የሚቆርጥበት። ይሄን ጉባኤ ሁሉም ወገን እሺ ብሎ እንዲመጣ የሚጠራው ሰው ማንም የማይፈራው መሆን አለበት። ዛሂር ሻህ ደግሞ አርባ ዓመት ነግሠው እጃቸው ላይ ብዙ ደም የሌለባቸው፣ ጦር የሌላቸው፣ ያረጁ ሰው ናቸው። በኋላ የአገሪቱ መሪ የሆነው ሐሚድ ካርዛይም በዚሁ ሥራ ውስጥ ነበር። አባቱን በ1999 ፓኪስታን፣ ክዌታ ላይ ገድለውበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለቱም ቤት ደም ፈሰሰ። ሁለቱም ወደ ኋላ አላሉም።

እኔ በፖለቲካ አልገባም። ግን ሚስትና ልጁን ቀብሮ ስለ ሽምግልና የሚያወራ ሰው ለኔ ትልቅ ሰው ነው። ይሄን አንድምታም አይክደኝም።

አንድምታ (ለየሮማዋ)

አልክድም እትዬ። በዚህ እስማማለሁ።

ፖቶማክ

እኔ ደግሞ የዋሽንግተኑን በኩል ልጨምር። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው።

አብዱል ሐቅ ዋሽንግተን ላይ በአንድ ነገር ይለያል። መንግሥት የለውም፣ ፓርቲ የለውም። የረዱት ጆ እና ጄምስ ሪቺ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ቺካጎ ላይ በአክሲዮን ኦፕሽን ንግድ ሀብታም የሆኑ ሰዎች። ልጅ ሳሉ ካቡል ኖረዋል፤ አባታቸው እዚያ ያስተምሩ ነበር። አገሩን ስለሚወዱ በገንዘባቸው ገቡበት። ሮበርት ማክፋርሌንን ቀጠሩ። ማክፋርሌን የሬገን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበረው ነው፤ በኢራን ኮንትራ የመሣሪያ ሽያጭ ቅሌት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በኋላ ምሕረት የተደረገለት። ሥራው የድሮ ወዳጆቹን እየዞረ «ይሄን አፍጋን ስሙት» ማለት ነበር።

እኔ ከዚህ ነገር ጋር ትንሽ ትውውቅ አለኝ። በ2018 ስለ አገራችን የሰብዓዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128 በምክር ቤቱ እንዲያልፍ ከደከሙት ሰዎች ጋር እኔም ኮንግረስ ቢሮዎች ተመላልሻለሁ። የምትቀበላችሁ እንደራሴዋ አይደለችም። የሃያ ምናምን ዓመት ረዳት ነው። ደብተር ይይዛል፣ ፈገግ ይላል፣ ሰዓቱን ያያል። ታሪክ ልትነግሩት ስትጀምሩ «ታዲያ ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጉት?» ይላል። ግልጽና አጭር ነገር ካልያዛችሁ ያልቃል። በየምርጫ ክልሉ ድምፅ የሚሰጥ ወገን ካላችሁ ይሰሟችኋል። ከሌላችሁ በትሕትና ይሸኟችኋል።

አሁን በዚህ ሚዛን አብዱል ሐቅን አስቡት። ከመስከረም 11 በፊት የሚለው ነገር ረጅም ነው፤ ሽማግሌዎች፣ ንጉሥ፣ ጉባኤ፣ ቀስ ብሎ ማስከዳት። በምርጫ ክልል የሚቆጠር ብዙ አፍጋን የለም። የውጭ ጉዳዩም የስለላውም ሰዎች ከፓኪስታን ጋር ላለመጣላት ይጠነቀቃሉ። ከመስከረም 11 በኋላ ደግሞ ሁሉም ይሰማው ጀመር፣ ግን ጥያቄው ተቀየረ። አሁን የሚፈልጉት «ቦታውን አሳየን፣ እንደበድባለን» ነው። እሱ ደግሞ የሚለው የሚቀጥለውን ነው፦ ቦምቡን አቆዩት፤ ከደበደባችሁ ሊከዱ የነበሩት አዛዦች ተመልሰው ከታሊባኑ መሪ ከሙላ ዑመር ጋር ይሰለፋሉ። ድብደባው ጥቅምት 7 ተጀመረ። በዚያው ወር በሰጠው ቃለ መጠይቅ አሜሪካ ጡንቻዋን ማሳየት ነው የያዘችው፣ የአፍጋኖች መከራ አያስጨንቃትም ብሎ በምሬት ተናግሯል።

ሎቢ የሚያደርግ ሰው እንዲህ አይናገርም። የሚለምነውን መንግሥት በጋዜጣ አይወቅስም። ለኔ ትልቅነቱም ውድቀቱም እዚህ ጋ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድም ቢሮ ውስጥ ያን ድፍረት አላገኘሁም።

ዴይራ

ፖቶማክ፣ ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ታወሰኝ። የዱባይ አፍጋን ነጋዴዎች ከሁሉም ጋር ይነግዳሉ። ከታሊባኑም፣ ከኢራኑም፣ ከፓኪስታኑም። ማንንም በአደባባይ አይሰድቡም። እሱ ግን ሀብት ካገኘበት ከተማ የወረሰው ይሄን አይደለም።

አዋሽ ማዶ

አንድ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ እኛንም ይነካል።

ሰኔ 1995 አዲስ አበባ ውስጥ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ከቦሌ ወደ ከተማ ሲገቡ። በዚያ ምክንያት የመንግሥታቱ ድርጅት በሚያዝያ 1996 ሱዳንን ተጠርጣሪዎቹን አሳልፈሽ ስጪ ብሎ ማዕቀብ ጣለባት። ሱዳን ጫናው ሲበዛባት በግንቦት 1996 ቢን ላደንን አስወጣች። የሄደው የት ነው? ጃላላባድ! ያኔ የናንጋርሃር አስተዳዳሪ ማን ነው? የአብዱል ሐቅ ታላቅ ወንድም ሐጂ አብዱል ቃዲር። ታሊባን ከተማዋን የያዘው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም ነው።

ስለዚህ አብዱል ሐቅ በ1992 «የውጭ አክራሪዎች ይመጣሉ» ብሎ ጽፎ፣ በአራት ዓመቱ ሰውየው የወንድሙ ክልል ላይ አረፈ። የቤተሰቡን ነገር ስናወራ ይሄም ይነሳ።

የቀበና ልጅ (ለአዋሽ ማዶ)

ትክክል ነው፣ ጥሩ አድርገህ አገናኘኸው። በወቅቱ ጃላላባድን የሚያስተዳድረው ሹራ ነበር፤ የብዙ አዛዦች ምክር ቤት። ቢን ላደንን የተቀበሉት ከሶቪየት ጦርነት ጀምሮ የሚያውቁት የድሮ ሙጃሂዲኖች ናቸው። አብዱል ሐቅ ያኔ ወጥቷል። ወንድማማቾቹ በሁሉም ነገር አንድ አልነበሩም። ቃዲር ተደራዳሪ ሰው ነው፣ ከሁሉም ጋር ይኖራል። ታናሽየው አይችልበትም።

አሁን የመጨረሻዎቹን ቀናት ልጻፍ። ብዙ ሰው በውስጥ ጠይቆኛል።

በሰኔ 2001 አብዱል ሐቅ፣ ጄምስ ሪቺና ፒተር ቶምሰን ታጂኪስታን፣ ዱሻንቤ ሄደው ታሊባንን በሰሜን የሚዋጋውን አዛዥ ማሱድን አገኙ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የፓሽቱኑ አዛዥና የታጂኩ አዛዥ በንጉሡ ጥላ ሥር አንድ ጉባኤ ለመጥራት ተስማሙ። በመስከረም 9 ማሱድ ተገደለ። እሱን የገደሉትም ጋዜጠኞች ነን ብለው የገቡ ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ተመታች። የአብዱል ሐቅ ዕቅድ ግማሽ አካሉን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጣ።

እሱ ፔሻዋር ተመለሰ። ቤቱ በሽማግሌ ተሞላ። ጥቅምት 21 ድንበሩን ተሻገረ። ጥቂት መሣሪያ፣ ገንዘብና የሳተላይት ስልክ ይዟል። እግሩ ጉዳተኛ ስለሆነ ተራራ ለተራራ መሸሽ የሚችል ሰው አይደለም፤ ያን እያወቀ ነው የገባው። ሎጋር ውስጥ አዝራ በሚባል ቦታ ታሊባን ከበበው። መንገዱ ከፊትም ከኋላም ተዘጋ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የተከበበው ሰው በሳተላይት ስልክ ፔሻዋር ይደውላል። ፔሻዋር ያለው ጄምስ ሪቺ አሜሪካ ላለው ማክፋርሌን ይደውላል። ማክፋርሌን ሲአይኤ ይደውላል። አንድ ዘመናዊ ጦር በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ አገሪቱ ሰማይ ላይ ሌት ተቀን ይበራል፤ የዚህ ሰው ነፍስ ግን በነጋዴ ስልክ ላይ ተንጠልጥላለች። በስተመጨረሻ ሰው አልባ አውሮፕላን መጥቶ አንድ የታሊባን የመኪና ሰልፍ ላይ ሚሳይል ተኮሰ። አላተረፈውም። ዓርብ ጥቅምት 26 ገደሉት። አብረውት የነበሩ ዘመዶቹንና ጓዶቹንም ገደሉ። 43 ዓመቱ ነበር።

አንድምታ

ይሄን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያሳዝናል።

ግን ካርዛይን ሳናይ አንለፍ። እሱም በዚያው ወር በሞተር ሳይክል ከፓኪስታን ኡሩዝጋን ገባ። እሱም ጥቂት ሰው ነው የያዘው። እሱም ሊያዝ ሲል አሜሪካኖች በሄሊኮፕተር አወጡት፣ በኅዳር ከልዩ ኃይል ወታደሮች ጋር መልሰው አስገቡት። ታኅሣሥ 5 በጀርመኗ ቦን በተደረገው ጉባኤ የጊዜያዊ አስተዳደሩ መሪ ተባለ። የሁለቱ ልዩነት ድፍረት አይደለም። አንዱ ሄሊኮፕተሩን ተቀበለ። አንዱ ነፃ ሆኜ እገባለሁ አለ። እኔ አሁንም የመጀመሪያው ነው ትክክል ባይ ነኝ። የሞተ ሰው አገር አያስታርቅም።

ፖቶማክ

አንድምታ፣ አባባልህ ጠንካራ ነው። ግን ሄሊኮፕተሩን የተቀበለው ሰው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት «የአሜሪካ አሻንጉሊት» እየተባለ ኖረ? ታሊባንም ሃያ ዓመት ሙሉ የቀሰቀሰበት ነገር ይሄ አይደለም ወይ?

የሮማዋ

ንጉሡ በሚያዝያ 2002 ሲመለሱ በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ። 87 ዓመታቸው ነበር። ሰው መንገድ ወጥቶ ያለቅሳል። የአብዱል ሐቅን ወንድም የቃዲርንስ ነገር ሰማችሁ? ቦን ላይ ፓሽቱኖች በቂ ቦታ አላገኙም ብሎ ጥሎ ወጣ። በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት አደረጉት። በሐምሌ 2002 ካቡል መሐል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ በጥይት ገደሉት። የዚያች እናት ልጆች ነገር ያንገበግበኛል።

ጥያቄ አለኝ

የመጨረሻ ጥያቄ። ያ ሎያ ጂርጋ ተደረገ ወይስ ሳይደረግ ቀረ?

የቀበና ልጅ (ለጥያቄ አለኝ)

ተደርጓል። በሰኔ 2002 ካቡል፣ ፖሊቴክኒኩ ግቢ ውስጥ፣ በትልቅ ድንኳን። ከመላ አገሪቱ ተወካዮች መጡ። ብዙዎቹ ንጉሡን የአገር መሪ እናድርግ የሚል ፊርማ ያሰባስቡ ነበር። ጉባኤው ሊከፈት ሲል ተራዘመ። በዚያ መሐል የአሜሪካው ልዩ መልእክተኛ ዛልማይ ኻሊልዛድ መግለጫ ጠርተው ንጉሡ እጩ አይደሉም አሉ። ከዚያ ንጉሡ ራሳቸው ካርዛይን ነው የምደግፈው አሉ። አዛዦቹ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። የአገር ሽማግሌዎች ኋላ ቀሩ።

አብዱል ሐቅ በስንት ደጅ ጥናት የለመነው ጉባኤ ይሄ ነው። ከአንድምታ ጋር የማልስማማው ለዚህ ነው። ሄሊኮፕተሩን የላከ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥም ይወስናል።

አንድምታ (ለየቀበና ልጅ)

ገብቶኛል የምትለው። ግን እሱ ድንኳኑ ውስጥ ቢኖር ተነስቶ ይናገር ነበር፣ ያን ደግሞ አንተም አትክድም። እኔ የምቆጨው በዚያ ነው። በማሱድና በንጉሡ ስምምነት ላይ ሌላ ክር ክፈት፤ የዱሻንቤውን ነገር በደንብ መነጋገር እፈልጋለሁ።